«አለህ፣ አለህ» ሲባል ከኋላ ማን አለ?

መኪና ከቆመበት ወደ ኋላ ስታወጡ ከጀርባችሁ የሚቆመው ወጣት የሚያዜመውን ታውቁታላችሁ። «ና፣ ና፣ ና… አለህ፣ አለህ… ቁረጥ… መልስ… በቃ!» ሐዋሳ ላይ መኪና የሚይዝ ሰው ይህን ዜማ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሰማል። እኔም ለዓመታት ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጉሙን በቅጡ የተረዳሁት ግን ዐምና ጥቅምት ላይ ነው። «አለህ» ማለት ለመኪናህ ቆርቆሮ የሚበቃ ቦታ አለህ ማለት ነው እንጂ መንገዱ ላይ ማንም የለም ማለት አይደለም።

ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ነበርኩ። እንደ ሁልጊዜው የመኪናዬን አፍንጫ ወደ እግረኛ መንገዱ ሰክቼ አቁሜያት፣ የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ገዝቼ ወጣሁ። በቀኜ ዶልፊን ሚኒባስ፣ በግራዬ ጆንያ የተቆለለበት ፒክአፕ ቆመዋል። ስፖኪዮ አየሁ፤ አንገቴን አዞርኩ፤ ወጣቱ «አለህ» አለኝ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ኳ አለ። ስወርድ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ዕድሜው ከዐሥራ አምስት የማይበልጥ ተማሪ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ ሳይክሉን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ሲያይ አገኘሁት። የኋላ ጎማው እንደ ስምንት ቁጥር ተጣሟል። «ምንም አልሆንኩም ጋሼ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ልጁን ይዤ ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ፤ ጎማው ተቀየረ፤ ከፈልኩ። ቤት ድረስ ላድርስህ ብለው እናቱ እንዳትሰማ ለመነኝ። ከዚያ ተመልሼ ያንን «አለህ» ያለኝን ወጣት «እንዴት አላየኸውም?» አልኩት። «እኔ እኮ ባጃጇን እንዳትነካት እያየሁ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከጀርባዬ ባጃጅ ቆማ ነበር። እሱ የሚጠየቀው ለተጫረ ቆርቆሮ ነው፤ መንገዱን እንዲያይ ማንም አልቀጠረውም። መንገዱን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ በሁለት ረጃጅም መኪኖች መሃል ተቀብሬ ማየት አልችልም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዬን በኋላ ማርሽ አስገብቼ፣ ፊቷን ወደ መንገድ አዙሬ ነው የማቆመው። ይህን ያየ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና የምንጠጣ ሰው፣ «አንተ የባለሥልጣን ሹፌር ሆንክ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ጉራ ነው ይላል። ጊዜ ያባክናል፣ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያስቆማል፣ ደግሞስ በፊት ገብቶ በኋላ መውጣትና በኋላ ገብቶ በፊት መውጣት ምን ልዩነት አለው፣ ያው አንድ ነው ይላል። ሰውየው ሞኝ አይደለም፤ የሒሳብ መምህር ነው። ስለዚህ መልሱን በቡና ላይ ጨርሼ መስጠት አቅቶኝ ወደ ወረቀት አመጣሁት።

በአንድ ነገር ልክ ነው፤ መኪናው አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መሄዱ አይቀርም። ጥያቄው መቼ ይሂድ ነው። ስንደርስ ቦታውን በዓይናችን እያየን ነው የምናልፈው። ባዶ ነው፣ በግራና በቀኝ መኪና፣ ከኋላው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አለ፤ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሳይክል ተስፈንጥሮ አይወጣም። ስንወጣ ግን አንድ ሰዓት ቢሮ ወይም ካፌ ተቀምጠን ነው የመጣነው። መንገዱ ላይ ምን እንደተለወጠ አናውቅም፤ ማን ከኋላችን ቆሞ ስልክ እንደሚያወራ፣ የትኛዋ ሕፃን ከእናቷ እጅ እንዳመለጠች አናውቅም። ወደ ባዶ ቦታ በጀርባ መግባትና ወደ ሰው መሃል በጀርባ መውጣት እንዴት አንድ ይሆናል? በችኮላ የገባ በችኮላ ይወጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ባልደረባዬ ሒሳብ ስለሚወድ በሜትር እናውራው። የእኔዋ አሮጌ ኮሮላ ርዝመቷ አራት ሜትር ከሩብ ያህል ነው። መሪው ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ከፊት ፓራውልቱ በግምት ሁለት ሜትር ይርቃል። ፊቷን ወደ መንገድ ካቆምኳት፣ ኮፈኗ ጥቂት ብቅ እንዳለ ዓይኔ ከጎረቤቶቼ መኪኖች ጥላ ይወጣል፤ መንገዱም በሙሉ መስታወት ይታየኛል። በጀርባ ስወጣ ግን ዓይኔ ከኋላ ጫፉ ከሁለት ሜትር በላይ ይርቃል፤ በመሃል የኋላ ወንበር መደገፊያ፣ ወፍራም የጣሪያ ምሰሶዎች፣ እንደ ብዙዎቻችን ልማድ ደግሞ የሶፍት ካርቶንና አንድ አሻንጉሊት አለ። መንገዱን ማየት በምጀምርበት ሰዓት የመኪናዬ ጀርባ ሳይክል የሚሄድበትን ቦታ ዘግቶታል። ጎረቤቴ ኮሮላ ሳይሆን ዶልፊን ከሆነ ጉዳዩ አለቀ፤ በግምት መንዳት ነው።

«ግን በኋላ መግባት ይከብዳል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሞክረው በማያውቁ ሰዎች ነው። የሚዞሩት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው። በፊት ስንገባ የኋላ ጎማዎች የፊቶቹን መንገድ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ። ስለዚህ በጠባብ ቦታ በፊት ለመግባት ሰፊ መዞሪያ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የጎረቤትን በር መላስ ይመጣል። በኋላ ማርሽ ስንገባ ግን የማይዞሩት ጎማዎች መጀመሪያ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ የሚዞሩት ፊቱን እየጎተቱ ያስተካክሉታል። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መሪው የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው በጠባብ ቦታ እንዲታጠፍ ነው። መኪናችን ወደ ኋላ ስትሄድ ፎርክሊፍት ትሆናለች። መንዳት ያስተማሩኝ ጋሼ «ወገቧ ከገባ ራሷ ይከተላል» ይሉ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄአለሁ።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ አሽከርካሪዎችን ወደ ግቢያቸው በኋላ ገብተው በፊት እንዲወጡ ይመክራል። ጃፓኖች ሳይነገራቸው ያደርጉታል። እዚሁ ሐዋሳ የረድኤት ድርጅቶችን ሹፌሮች ተመልከቱ፤ ለችግር ቀን ፈጥነው መውጣት ስላለባቸው ላንድክሩዘሮቻቸው ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ በሩ ያደረጉ ናቸው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በዚህ ረገድ ሰነፎች ናቸው፤ አብዛኞቹ በፊት ገብተው በኋላ ነው የሚወጡት። ዋጋውን ግን ቆጥረውታል። የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የኋላ ካሜራን ግዴታ የሚያደርገውን ደንብ ሲያወጣ፣ ወደ ኋላ የሚሄዱ መኪኖች በዓመት 210 ያህል ሰዎችን እንደሚገድሉና 15,000 ያህሉን እንደሚጎዱ ገምቶ ነበር። ከሟቾቹ 31 በመቶዎቹ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት፣ 26 በመቶዎቹ ደግሞ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አረጋውያን ናቸው። ደንቡን የወለደው ሕግ የተሰየመው አባቱ በቤታቸው ደጃፍ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ሳያየው በገጨው የሁለት ዓመት ሕፃን ስም ነው። እርግጥ ይህ ቁጥር ከማቆሚያ የሚወጡትን ብቻ ሳይሆን ግቢ ውስጥ የሚደርሰውንም ይጨምራል። ቢሆንም ማን እንደማይታይ ይነግረናል፤ አጭር የሆነና ፈጥኖ መሸሽ የማይችል ሰው አይታይም።

እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ እዚያ አገር የሚሸጥ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ ከኋላው ያለውን ሦስት ሜትር በስድስት ሜትር ያህል ቦታ በካሜራ ማሳየት አለበት። እኛ ዘንድ ግን ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት የተሠሩ መኪኖች ገና ጎልማሶች ናቸው። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ከተማችን ውስጥ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ካሜራው አላቸው፤ ድምፅ ግን የላቸውም። የእኔዋ ኮሮላ ወደ ኋላ ልትሄድ ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ እነዚያ እንደ ድመት ናቸው።

አሁን ወደ ሐዋሳ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ክርክር ስለ ጥርሱ የወለቀ ፓራውልት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ስለ ሳይክል ነው። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ከታቦርና ከአላሙራ በቀር ዳገት የሚባል የላትም፤ መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ተማሪውም፣ አናጺውም፣ ዳቦ አከፋፋዩም በሳይክል ይሄዳል። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ቁጥራቸው ቀንሷል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ሳይክለኛው የሚሄደው የት ነው? በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ፣ በትክክል ከቆሙት መኪኖች ጭራ ሥር። ባጃጁም ሰው ለማንሳት ወደዚያው ጠርዝ ይጠጋል። አፍንጫውን ወደ እግረኛ መንገድ ሰክቶ የቆመ መኪና ሁሉ ሲወጣ ጀርባውን የሚወረውረው እዚያ መስመር ላይ ነው። ይህን ያደረግነው እኛው ነን፤ ማንም አላዘዘንም።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲመጣ ደግሞ አስቡት። የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የመጣው ምእመን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያገኘው ቦታ ላይ ሁሉ ይቆማል። ቅዳሴ ሲወጣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ ሕፃናት፣ ሻማ ሻጮች፣ ሽማግሌዎች። ያኔ መቶ መኪና በአንድ ጊዜ በጀርባው መውጣት ይጀምራል። በፍቼ ጫምባላላ ጊዜ ጉዱማሌ አካባቢም እንዲሁ ነው። በእንደዚህ ያለ ቀን ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ያቆመ ሰው ቀስ ብሎ ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየ ይወጣል፤ ሕዝቡም ሹፌሩን ያየዋል፤ በዓይን ይነጋገራሉ። ከመኪና ጀርባ ጋር በዓይን የሚነጋገር ሰው የለም።

ባልደረባዬ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ አልደብቀውም። የካፌ በረንዳ ነው። ወንበሩ እግረኛ መንገዱ ላይ በተዘረጋበት ካፌ በኋላ ማርሽ ገብታችሁ የቆማችሁ እንደሆነ፣ ጭስ ማውጫችሁ የሰውን ማኪያቶ እያሸተተ ነው። አሮጌ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ስትነሱ ጥቁሩን ጢስ በሰው ቁርስ ላይ ነው የምትለቁት። እዚያ በፊት ይገባ፤ ወይም፣ ይህ የእኔ ምርጫ ነው፣ ሃምሳ ሜትር አልፎ ቆሞ በእግር ይመለስ።

ሁለተኛው ክርክሩ የበግ ነው። «ለበዓል በግ ገዝተህ ግንብ ላይ ተጠግተህ ከቆምክ ባውሉን እንዴት ትከፍታለህ?» ይላል። ግንብ ካለ እውነት ነው፤ አንድ ሜትር መተው ነው። ግን አብዛኛው የከተማችን ማቆሚያ ከኋላው ያለው ግንብ ሳይሆን የእግረኛ መንገድ ነው። እንዲህ ከሆነ ባውሉ የሚከፈተው እግረኛ መንገዱ በኩል ነው። በጉን፣ ጤፉን፣ የሕፃን ጋሪውን የምንጭነው አስፋልት መሃል ከጀርባችን ባጃጅ እያለፈ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ቆመን ይሆናል ማለት ነው። እንዲያውም በጉ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የመስመሩ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ አሽከርካሪውን ብቻ መውቀስ አይገባም። ሰያፍ ሆነው የተሠመሩ ማቆሚያዎች አብዛኛውን ጊዜ ያጋደሉት በፊት ለሚገባ መኪና ነው። እንደዚያ በተሠመረ ቦታ በኋላ ልግባ ያለ ሰው ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ሊጣላ ነው፤ አይሆንም፤ መሞከርም የለበትም። መስመሩ ግን በሌላ በኩል ማጋደል ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ሲያትል ይህን ከያዘች ቆይታለች፤ ቱሳንም ሳይክለኞች በሚበዙባቸው መንገዶች ላይ ሠርታበታለች። መኪናው ቦታውን ትንሽ አልፎ ይቆማል፤ ፍሬቻ ያበራል፤ በሰያፉ ወደ ኋላ ይገባል። ሲወጣ አፍንጫው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ያዘነበለ ነው። መሪያችን በግራ በኩል ስለሆነ የሹፌሩ መስኮት የሚያየው በትክክል ሳይክሉና ባጃጁ የሚመጡበትን ወገን ነው። በር ሲከፈትም ሕፃናት ወደ እግረኛ መንገዱ እንጂ ወደ አስፋልቱ አይገፉም።

ይህን ለማድረግ ግንብ አይፈርስም፤ ዛፍ አይቆረጥም። የሚያስፈልገው ነጭ ቀለምና ቀለሙን የሚቀባው ሰው ብሩሹን በሌላ በኩል እንዲያጋድል ማዘዝ ነው። በኮሪደር ልማቱ መንገዶች እየታደሱ፣ የእግረኛና የሳይክል መንገድ እየተለየ ባለበት ጊዜ ይህን ካላሰብን መቼ ልናስብ ነው? የሳይክል መስመር ሠርተን ከጎኑ በጀርባ የሚወጣ መኪና ካሰለፍን፣ ለሳይክለኛው የሠራንለት ወጥመድ ነው። ከተማ አስተዳደሩ አንድ መንገድ ይምረጥ፤ ረጅም መሆን የለበትም፤ ይሞክረው።

ከኋላ የሚመጣውን ያስቆማል ማለቱ ባጃጆችን በተመለከተ ልክ ነው፤ ግን ነገሩ የሚስተካከል ነው። ባዶ ቦታውን አልፌ ስቆም ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ቆሜ የቀረሁ መስሎት ወዲያው እዚያው ቦታ ውስጥ ይሰነቀራል። ስንት ጊዜ ሆኖብኛል! መድኃኒቱ ቀደም ብሎ ፍሬቻ ማብራት፣ ቦታውን በግማሽ መኪና ያህል ብቻ አልፎ መቆም፣ ወዲያው የኋላ ማርሽ አስገብቶ ነጩን መብራት ማሳየት ነው። ያ መብራት እየሠራ መሆኑንም አንድ ቀን ሰው አቁማችሁ አረጋግጡ፤ የእኔው ለሁለት ዓመት ተቃጥሎ ኖሮ አላወቅሁም። አንድ ሦስት ጊዜ ክላክስ ይነፋብናል፤ እንችለዋለን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለደህንነት ሳይሆን ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች ነው። ባትሪ ሲሞት ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ መኪና ካፌ የተቀመጡ አራት ጎረምሶች ከገፉት ይነሳል። አፍንጫው ግንብ ላይ የተሰካ መኪና ግን መጀመሪያ በጀርባ ወደ መንገድ ተገፍቶ፣ ከዚያ ዞሮ፣ ከዚያ እንደገና ሊገፋ ነው። ገመድ ለሚያቀርብላችሁ መኪናም ኮፈናችሁ መንገድ በኩል ሲሆን ይቀርባል። ይህን ስነግረው ባልደረባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ የእሱ መኪና ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ተገፍታለችና።

ያንን «አለህ» ያለኝን ወጣት አሁን በደንብ እንተዋወቃለን። ቀኑን ሙሉ በሐዋሳ ፀሐይ ቆሞ ትኬት እየቆረጠ የሚውል ልጅ ነው፤ በነፍስ ተጠያቂ አድርጎ ማስቀመጥ ግፍ ነው። ግን እንደ እሱ ያሉት በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ትራፊክ ፖሊስም አለ፤ ግማሽ ቀን ቢሰበሰቡ የሚነገራቸው ነገር ትንሽ ነው። ከመኪናው ጀርባ ሳይሆን ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁሙ፤ ፊታችሁን ወደሚመጣው አዙሩ፤ ሹፌር በኋላ ልግባ ሲል ባጃጁን በእጅ አስቁሙለት። እኔ በበኩሌ ይህን ነግሬዋለሁ፤ አሁን እኔ ስመጣ ሳልጠይቀው መንገዱ ላይ ይወጣል። ባጃጆቹ ይሰድቡታል፤ ይስቃል።

ባልደረባዬ አሁንም አፍንጫ እየሰካ ነው የሚያቆመው። ባለፈው ሳምንት ቡናችንን ጠጥተን ስንለያይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነሳ። ወጣቱ ከኋላው «አለህ፣ አለህ» አለው። እሱ ግን ፍሬኑን እንደረገጠ አንገቱን በመስኮት አወጣና «ሳይክል አለ?» ብሎ ጠየቀ።